የአነስተኛ ፍጆታ ፕሮሰሰር ትብብር ሲታወጅ እንዴት መመዘን ይቻላል

የኤሌክትሮኒክስ ኩባንያዎች ተባብረው አነስተኛ ኤሌክትሪክ የሚፈጅ አዲስ ፕሮሰሰር (የኮምፒውተር ወይም የስልክ ዋና ቺፕ) ሊሠሩ መስማማታቸውን የሚገልጽ ዜና በየጊዜው ይወጣል። ዜናው አብዛኛውን ጊዜ የኩባንያዎቹን ስም፣ ፍጆታው ከቀድሞው ምርት በስንት በመቶ እንደሚያንስ የሚናገር አንድ ቁጥር፣ እንዲሁም ምርቱ ገበያ ላይ ይውላል የተባለበትን ጊዜ ይዞ ይመጣል። አዲስ ላፕቶፕ ለመግዛት የሚያስብ ሰው፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር የሚመርጥ ባለሙያ፣ ወይም ዜናውን በአማርኛ ለሕዝብ የሚያቀርብ ጋዜጠኛ በእነዚህ ሦስት ነገሮች ብቻ ተመርኩዞ ትክክለኛ ውሳኔ ላይ ሊደርስ አይችልም። ይህ መመሪያ ማስታወቂያውን ከፋፍሎ ለመመርመር፣ መሣሪያው እጅ ሲገባም የተባለውን በራስ ልኬት ለማረጋገጥ እንዲረዳ የተዘጋጀ ነው። ዝቅተኛ ፍጆታ ከንድፍ እስከ ፋብሪካ፣ ከፋብሪካ እስከ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ድረስ የብዙ እጆች ሥራ ድምር ስለሆነ፣ ማስታወቂያውን የሚያነብ ሰው ከእያንዳንዱ ተባባሪ ድርሻው ምን እንደሆነ ለይቶ መጠየቅ አለበት ብዬ አምናለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሥራ ድርሻውን ይለዩ

በመጀመሪያ በማስታወቂያው ላይ የተጠቀሱትን ኩባንያዎች ስም በወረቀት ላይ በአንድ በኩል ይጻፉ። አንድ ፕሮሰሰር ከሐሳብ ተነሥቶ ተጠቃሚው እጅ እስኪደርስ ድረስ ስድስት ያህል ሥራዎችን ያልፋል። ፕሮሰሰሩ የሚያውቃቸው ትእዛዞች ዝርዝር ይወሰናል፤ ትእዛዞቹን የሚፈጽመው ኮር ይነደፋል፤ ኮሩ ከግራፊክስ፣ ከሜሞሪ መቆጣጠሪያና ከሌሎች ክፍሎች ጋር በአንድ ቺፕ ላይ ይዋሐዳል፤ ቺፑ በፋብሪካ ይመረታል፤ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙና ድራይቨሮቹ (ሲስተሙን ከየዕቃው ጋር የሚያገናኙ ፕሮግራሞች) ይዘጋጃሉ፤ በመጨረሻም ቺፑ ባትሪና ስክሪን ባለው መሣሪያ ውስጥ ይገባል። ከእነዚህ ሥራዎች የትኛው የማን እንደሆነ ከየስሙ ፊት ለፊት ይሙሉ። ትብብሩን «እንደግፋለን» ከማለት ያለፈ ሥራ ያልተጻፈለትን ኩባንያ ለጊዜው ከዝርዝሩ ያውጡት፤ ባዶ የቀረ ሥራ ካለ ደግሞ ያንን ክፍተት ያክብቡበት፤ ምርቱ የሚዘገየው ወይም የሚሰናከለው ብዙውን ጊዜ በዚያ በኩል ነውና።

ድርሻው በግልጽ የተከፋፈለ ትብብር ምን እንደሚመስል ለማየት የአርምን አመሠራረት መመልከት ይጠቅማል። በኖቬምበር 1990 በእንግሊዝ አገር አኮርን ኮምፒውተርስ፣ አፕል እና ቪ.ኤል.ኤስ.አይ. ቴክኖሎጂ ተባብረው አድቫንስድ ሪስክ ማሽንስ፣ በአጭሩ አርም፣ የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። አኮርን በኬምብሪጅ ሲያዳብረው የቆየውን የፕሮሰሰር ንድፍና አሥራ ሁለት መሐንዲሶችን ሰጠ። አፕል ኒውተን ለተባለው የእጅ ኮምፒውተሩ በባትሪ የሚሠራ ፕሮሰሰር ያስፈልገው ስለነበር ገንዘብ አዋጣ። ቪ.ኤል.ኤስ.አይ. ደግሞ ቀድሞውንም የአኮርንን ቺፖች በፋብሪካው የሚያመርት ኩባንያ ነበር። ነዳፊው፣ አምራቹና ደንበኛው ሦስቱም ከመጀመሪያው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተገኝተዋል ማለት ነው። በ1993 ገበያ ላይ የዋለው የኒውተን መሣሪያ አርም 610 የተባለውን ቺፕ ይዞ ወጣ። ኒውተን በገበያው ብዙም አልቀናውም፤ ሆኖም ኩባንያው ቺፕ ራሱ ከማምረት ይልቅ ንድፉን በፈቃድ መሸጥን መርጦ ስለነበር የአንድ መሣሪያ መውደቅ አብሮ አልጣለውም።

ከዚህ በኋላ የመጣው የኖኪያ ጉዳይ ደግሞ ደንበኛው በንድፉ ላይ ምን ያህል ሊናገር እንደሚገባ ያሳያል። የአርም ትእዛዞች እያንዳንዳቸው 32 ቢት ርዝመት ስለነበራቸው ለስልክ የሚጻፈው ፕሮግራም ብዙ ሜሞሪ ይወስድ ነበር፤ ሜሞሪ ደግሞ ገንዘብም ኤሌክትሪክም ያስወጣል። አርም ለዚህ ችግር መልስ እንዲሆን ትእዛዞቹን በ16 ቢት የሚያሳጥር ተጨማሪ ስብስብ ፈጠረና ተምብ ብሎ ሰየመው። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ይህን ኮር ወስዶ ቺፑን ሠራ፤ ኖኪያም በ6110 ሞዴል ስልኩ ውስጥ አስገባው። በዚህ ሥራ ውስጥ ከሦስቱ አንዱ ባይኖር ኖሮ የሌሎቹ ድካም ውጤት አያስገኝም ነበር። እንግዲህ አዲስ ማስታወቂያ ሲያነቡ ቺፑ የሚገባበትን መሣሪያ የሚሠራ ኩባንያ ከተባባሪዎቹ መካከል መኖር አለመኖሩን አጥብቀው ይመልከቱ። መሣሪያ ሠሪ የሌለበት ስምምነት ገና ገዢ ያላገኘ ንድፍ ሊሆን ይችላል።

ፈቃዱ የማን ነው?

ቀጥሎ የሚጣራው ንድፉ በምን ዓይነት ፈቃድ እንደተያዘ ነው። ሁለት ዋና ዋና ዓይነቶች አሉ። በኮር ፈቃድ ኩባንያው ያለቀለትን ኮር ይረከባል፤ በቺፑ ውስጥ ያስቀምጠዋል እንጂ ውስጡን አይነካም። በአርክቴክቸር ፈቃድ ግን ኩባንያው የትእዛዞቹን ዝርዝር ብቻ ተቀብሎ ኮሩን ከመሠረቱ ራሱ ይነድፋል። በፍጆታ ረገድ ከተፎካካሪዎቹ በጉልህ የሚለይ ምርት የሚጠበቀው ከሁለተኛው ነው፤ የመጀመሪያውን የያዙ ኩባንያዎች ሁሉ ተመሳሳይ ኮር ስለሚጠቀሙ በመካከላቸው የሚኖረው ልዩነት ከፋብሪካውና ከአዋሐዱበት ጥበብ የሚመጣ ይሆናል።

የፈቃድ ጉዳይ የጠበቆች ብቻ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። ቺፕ ነዳፊው ኳልኮም በ2021 ኑቪያ የተባለውን የንድፍ ኩባንያ ከገዛ በኋላ አርም የኑቪያ ፈቃድ ያለ እርሱ ስምምነት ወደ ገዢው ሊተላለፍ አይችልም በማለት በ2022 በአሜሪካ ደላዌር ከሰሰው። በዲሴምበር 2024 የፍርድ ቤቱ ጁሪ የኳልኮም ቺፖች ኩባንያው ራሱ በነበረው ፈቃድ የተሸፈኑ መሆናቸውን ቢቀበልም፣ ክርክሩ ቺፖቹን የያዙ ላፕቶፖች ገበያ ላይ ከዋሉ በኋላም እየቀጠለ ነበር። በአንጻሩ በካሊፎርኒያ በርክሊ ዩኒቨርሲቲ በ2010 የተጀመረው ሪስክ-ፋይቭ ማንም ሰው የፈቃድ ክፍያ ሳይከፍል የሚጠቀምበት የትእዛዝ ዝርዝር ነው። ሆኖም ክፍት የሆነው ዝርዝሩ ብቻ መሆኑን ያስተውሉ፤ በእርሱ ላይ ተመሥርቶ የተነደፈ ኮር የግል ንብረት ሊሆን ይችላል፤ የፋብሪካውም ወጪ በዚያው ልክ አይቀንስም።

ባለቤትነት ሲቀያየር ምን እንደሚሆን ከስትሮንግ-አርም ታሪክ መረዳት ይቻላል። ይህን ፕሮሰሰር ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን ከአርም ጋር ተባብሮ ሠርቶ በ1996 አወጣው። ብዙም ሳይቆይ ዲጂታል ከኢንቴል ጋር የነበረውን የፍርድ ቤት ክርክር በስምምነት ሲዘጋ ፕሮሰሰሩ ወደ ኢንቴል ተላለፈ። ኢንቴል ኤክስ-ስኬል በሚል ስም አሳድጎ ሲሸጠው ከቆየ በኋላ በ2006 የስልክና የእጅ ኮምፒውተር ቺፖቹን ዘርፍ ለማርቬል በ600 ሚሊዮን ዶላር ሸጠው። በአሥር ዓመት ውስጥ አንድ የምርት ዘር ሦስት ባለቤቶችን አየ። ስለዚህ ለብዙ ዓመታት የሚያገለግል ዕቃ የሚገዛ መሥሪያ ቤት ከተባባሪዎቹ አንዱ ቢወጣ ሶፍትዌሩን ማን እያደሰ እንደሚቀጥል አስቀድሞ መጠየቅ ይኖርበታል።

ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ይጠይቁ

ማስታወቂያው ላይ ያለው የመቶኛ ቁጥር የሚመረመረው በዚህ ደረጃ ነው፤ ከሁሉም ይልቅ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባውም ይህ ክፍል ነው። ቺፕ ሥራ ላይ ሳለ የሚወስደው ኤሌክትሪክ በዋናነት በሦስት ነገሮች ብዜት ይወሰናል፤ እነርሱም በየምቱ የሚቀያየሩት ትራንዚስተሮች (የቺፑ ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያዎች) እና ሽቦዎች የሚይዙት የኤሌክትሪክ መጠን፣ የቮልቴጁ ካሬ እና የክሎኩ፣ ማለትም የቺፑን ምት የሚመታው ሰዓት፣ ፍጥነት ናቸው። ቮልቴጁ በካሬ ስለሚገባ ከሁሉም ይልቅ ጉልበት ያለው እርሱ ነው፤ ቮልቴጁ በግማሽ ቢቀንስ ፍጆታው ወደ ሩብ ይወርዳል። በዚህ ላይ ትራንዚስተሮቹ ሥራ ባይኖራቸውም እንኳ እየሾለከ የሚያልፍ ፍሰት ይጨመራል።

የስትሮንግ-አርም ነዳፊዎች ይህን ስሌት በግልጽ አስቀምጠውት ነበር፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ለሚወጡ ማስታወቂያዎች ሁሉ መለኪያ አድርጌ የምወስደው እርሱን ነው። መነሻ ያደረጉት የዲጂታልን አልፋ ፕሮሰሰር ሲሆን እርሱ በ3.45 ቮልት እየሠራ 26 ዋት ይወስድ ነበር። ቮልቴጁን ወደ 1.5 ማውረድ ብቻውን ፍጆታውን በ5.3 እጥፍ ቀንሶ ወደ 4.9 ዋት አደረሰው። ለእጅ መሣሪያ የማያስፈልጉ ክፍሎችን ማውጣት በ3 እጥፍ ቀንሶ 1.6 ዋት አደረገው። ወደ ረቀቀ የፋብሪካ አሠራር መሸጋገር በ2 እጥፍ፣ ክሎኩ የሚያንቀሳቅሰውን ሸክም ማቅለል በ1.3 እጥፍ፣ የክሎኩን ፍጥነት ዝቅ ማድረግ ደግሞ በ1.25 እጥፍ ቀነሱት፤ በመጨረሻም ግማሽ ዋት ላይ ደረሱ። ልብ ይበሉ፤ ከእነዚህ ውስጥ አንዳንዱ የፋብሪካው፣ አንዳንዱ የነዳፊው ድካም ፍሬ ነው፤ ክፍሎችን ማውጣትና ፍጥነት መቀነስ ግን ተጠቃሚው የሚከፍለው ዋጋ ነው። አንድ ኩባንያ «ፍጆታውን በግማሽ ቀነስን» ሲል ይህን የመሰለ ዝርዝር ካላቀረበ፣ ግማሹ የተገኘው በጥበብ ይሁን ፍጥነትን በመቀነስ ለማወቅ አይቻልም።

ሁለተኛው ጥያቄ ቁጥሩ በየትኛው ሁኔታ እንደተወሰደ ነው። የታይዋኑ ቺፕ አምራች ቲ.ኤስ.ኤም.ሲ. ባለ 5 ናኖሜትር የተባለውን የረቀቀ የፋብሪካ አሠራሩን ከቀድሞው ባለ 7 ናኖሜትር ጋር ሲያነጻጽር በእኩል ፍጆታ 15 በመቶ ይፈጥናል፣ ወይም በእኩል ፍጥነት ፍጆታው በ30 በመቶ ይቀንሳል ብሎ ነበር። «ወይም» የምትለው ቃል ወሳኝ ናት። ሁለቱንም ጥቅም በሙሉ በአንድ ጊዜ ማግኘት አይቻልም፤ ዜናው ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱን ቁጥሮች በ«እና» አያይዞ ያቀርባቸዋል። ዘጋቢ ከሆኑ ይህን ሳያጣሩ አይጻፉ።

ሦስተኛው ነገር የዋትና የጁል ልዩነት ነው። ዋት በአንድ ቅጽበት የሚወሰደውን፣ ጁል ደግሞ ሥራው እስኪያልቅ የተወሰደውን ድምር ይለካል፤ ባትሪን የሚጨርሰው ድምሩ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድን ሥራ የመጀመሪያው ቺፕ በ10 ዋት በ20 ሰከንድ፣ ሁለተኛው በ4 ዋት በ60 ሰከንድ ይጨርሱታል እንበል። የመጀመሪያው 200 ጁል፣ ሁለተኛው 240 ጁል ፈጅተዋል። ንጽጽሩ ፍትሐዊ እንዲሆን የመጀመሪያው ቺፕ ሥራውን ጨርሶ የሚጠብቅበትን ቀሪ 40 ሰከንድ እንጨምር። ሥራ ሲፈታ 0.5 ዋት ብቻ የሚወስድ ከሆነ ድምሩ 220 ጁል ይሆንና አሁንም ያሸንፋል፤ ሥራ ፈትቶም 2 ዋት የሚወስድ ከሆነ ግን 280 ጁል ይደርስና ይሸነፋል። ከዚህ እንደምንረዳው በሰነዱ ላይ ሊፈለግ የሚገባው ቁጥር ከከፍተኛው ፍጆታ ይልቅ ቺፑ ሥራ ሲፈታ የሚወስደው ነው፤ አብዛኛው ሰው ኮምፒውተሩን ሲጠቀም ቺፑ ብዙውን ጊዜ የሚያሳልፈው የሰውየውን ቀጣይ ትእዛዝ በመጠበቅ ነውና። ቲ.ዲ.ፒ. የሚባለው የዋት ቁጥርም የማቀዝቀዣው ሥርዓት ምን ያህል ሙቀት ማውጣት እንዳለበት ለመወሰን የሚያገለግል ስለሆነ እንደ አማካይ ፍጆታ መወሰድ የለበትም።

ስለ መነሻው አንድ ነገር ላክል። ኩባንያው ከመቋቋሙ በፊት አኮርን የሠራው የመጀመሪያው የአርም ቺፕ በኤፕሪል 1985 ከፋብሪካ ወጥቶ ሲሞከር፣ ንድፉን ከሶፊ ዊልሰን ጋር የሠራው ስቲቭ ፈርበር የቺፑን ፍጆታ ሲለካ መለኪያው ዜሮ አሳየ። ምክንያቱ ሲመረመር የቺፑ የኤሌክትሪክ መስመር ጭራሹን ያልተገናኘ ሆኖ ተገኘ፤ ቺፑ ይሠራ የነበረው በሌሎቹ የምልክት መስመሮች በኩል ሾልኮ በሚገባው ኤሌክትሪክ ነበር። ነዳፊዎቹ ፍጆታውን ከአንድ ዋት በታች ለማድረግ ያለሙት ርካሹ የፕላስቲክ ማቀፊያ ሙቀቱን እንዲችል ብለው ነበር፤ ንድፉ ቀላል በመሆኑ ግን ካሰቡት እጅግ ዝቅ አለ። ይህን ያነሣሁት የፍጆታ ቅነሳ በኋላ ከሚጨመር ማሻሻያ ይልቅ ገና ሲነደፍ ከሚተው ነገር እንደሚገኝ ስለሚያሳይ ነው። ማስታወቂያው አዲሱ ቺፕ ምን እንደጨመረ ብቻ የሚዘረዝር ከሆነ፣ ምን እንደቀነሰም ይፈልጉ።

ሶፍትዌሩ ደርሷል?

በኦክቶበር 2011 አርም ቢግ-ሊትል የተባለውን አሠራር ይፋ አደረገ። በዚህ አሠራር አንድ ቺፕ ፈጣን ኮሮችንና ቆጣቢ ኮሮችን አብሮ ይይዛል፤ ቀላሉ ሥራ ለቆጣቢዎቹ ይሰጣል። የትኛው ሥራ ለየትኛው ኮር እንደሚሰጥ የሚወስነው ግን ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ነው። ሊኑክስ በተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ዋና ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ውስጥ የፍጆታን ስሌት መሠረት አድርጎ ሥራ የሚያከፋፍለው ክፍል የገባው በ2019 በወጣው 5.0 ስሪት ነው። እርግጥ ስልክ ሠሪዎች ከዚያ በፊት በየራሳቸው ከርነል መፍትሔ ያበጁ ነበር፤ ቢሆንም በሃርድዌሩና በዋናው ሶፍትዌር መካከል የነበረው ርቀት ስምንት ዓመት ገደማ መሆኑን ማስተዋል ይገባል። ይህን መሰል ክፍተት ለማጥበብ በ2010 አርም፣ ፍሪስኬል፣ አይ.ቢ.ኤም.፣ ሳምሰንግ፣ ኤስ.ቲ.-ኤሪክሰን እና ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ሊናሮ የተባለውን ድርጅት በጋራ አቋቁመው የሊኑክስን ሥራ በአንድ ላይ እንዲያከናውን አድርገዋል። በገበያ የሚፎካከሩ ድርጅቶች ማንንም ከማንም በማይለየው ሥራ ላይ መተባበራቸው ትልቅ ብልኅነት ነበር።

ሶፍትዌሩ ሳይደርስ የወጣ ምርት ምን እንደሚገጥመው ደግሞ ለአርም ቺፖች የተዘጋጀው ዊንዶውስ አር.ቲ. አሳይቷል። ማይክሮሶፍት በ2012 ከኒቪዲያ የአርም ቺፕ ጋር ያወጣው ሰርፌስ አር.ቲ. የተባለ ታብሌት ለኢንቴል ፕሮሰሰሮች የተጻፉትን ነባር ፕሮግራሞች ማስኬድ አይችልም ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት ኩባንያው ለዚሁ ምርት 900 ሚሊዮን ዶላር የኪሳራ ማስተካከያ መዘገበ። አፕል በ2020 በአርም ትእዛዞች የሚሠራውን ኤም 1 ቺፕ ሲያወጣ ግን የድሮዎቹን ፕሮግራሞች የሚተረጉመውን ሮዜታ 2ን አብሮ አቀረበ። ዊንዶውስም ዛሬ በአርም ላፕቶፖች ላይ ብዙዎቹን የድሮ ፕሮግራሞች በትርጉም ያስኬዳል፤ ድራይቨሮችን ግን አይተረጉምም፤ እነርሱ ለአርም ተብለው የተሠሩ መሆን አለባቸው።

ይህ ነገር የእኛን አንባቢዎች በቀጥታ ይነካል። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት መለያ ሥርዓት) የገባው በ1999 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት በነበሩ የአማርኛ መጻፊያዎች የተዘጋጁ ሰነዶችን እስከ ዛሬ የሚከፍቱ መሥሪያ ቤቶች አሉ። አሮጌ ፕሪንተር፣ የአሻራ ማንበቢያ ወይም ለቀድሞ ዊንዶውስ የተሠራ የሒሳብ ፕሮግራም ያለው ቢሮም ብዙ ነው። ከመግዛትዎ በፊት የሚጠቀሙባቸውን ፕሮግራሞችና ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያያዙ ዕቃዎችን በሙሉ ይዘርዝሩ፤ ሻጩንም በእያንዳንዳቸው ላይ ያስፈትሹ። ፕሮግራሙ በትርጉም ቢሠራ እንኳ ትርጉሙ ራሱ ተጨማሪ ኤሌክትሪክ እንደሚወስድና የተባለውን ቁጠባ እንደሚቀንስ አይርሱ።

በራስዎ ይለኩ

መሣሪያው እጅዎ ሲገባ ልኬቱ አስቸጋሪ አይደለም። ባትሪ ላለው ላፕቶፕ በመጀመሪያ የባትሪውን አቅም በዋት-ሰዓት ይመዝግቡ፤ ቁጥሩ በባትሪው ላይ ወይም በመሣሪያው ዝርዝር መግለጫ ውስጥ ይገኛል። ባትሪውን ሙሉ በሙሉ ሞልተው ከኤሌክትሪክ ይንቀሉት፤ የስክሪኑን ብርሃን በአንድ ልክ ያድርጉ፤ ዋይፋይ ይክፈቱ፤ ከዚያም የዘወትር ሥራዎን ለሁለት ሰዓት ያህል ይሥሩ። 54 ዋት-ሰዓት አቅም ያለው ባትሪ በሁለት ሰዓት 25 በመቶ ከቀነሰ 13.5 ዋት-ሰዓት ተወስዷል፤ አማካዩም 6.75 ዋት ነው። ሁለት ላፕቶፖችን ሲያወዳድሩ በመቶኛ አያወዳድሩ፤ የባትሪዎቹ መጠን ከተለያየ መቶኛው ያሳስታልና። ሁልጊዜም ወደ ዋት ይቀይሩት። ሁለተኛው ፈተና ክዳኑን ዘግቶ ማሳደር ነው፤ ጠዋት የጎደለው ብዙ ከሆነ ቺፑ በእንቅልፍ ላይ እያለም ይፈጃል ማለት ነው።

ባትሪ ለሌለው ኮምፒውተር በሶኬቱና በገመዱ መካከል የሚሰካ የዋት መለኪያ ያስፈልጋል። ይህ መለኪያ የቻርጀሩን ወይም የኃይል አቅራቢውን ብክነት ጨምሮ ስለሚያሳይ ለእውነተኛው ወጪ የቀረበ ነው። በሶላር የሚሠራ የኮምፒውተር ክፍል ለሚያቅድ ትምህርት ቤት ይህ ቁጥር በቀጥታ ወደ በጀት ይለወጣል። 30 ዋት የሚወስዱ ሃያ ኮምፒውተሮች በቀን ስድስት ሰዓት ቢሠሩ 3,600 ዋት-ሰዓት ይፈልጋሉ፤ 7 ዋት የሚወስዱ ሃያ መሣሪያዎች ግን 840 ብቻ ይበቃቸዋል። የፓነሉና የባትሪው ቁጥርም በዚሁ ልክ ይቀንሳል። ስክሪኖቹን ማካተት ግን አይዘንጉ፤ ፕሮሰሰሩ እጅግ ቆጣቢ በሆነበት መሣሪያ ላይ ከቺፑ ይልቅ ስክሪኑ የበለጠ ሊወስድ ይችላል።

የለኩት ከተባለው ርቆ ከተገኘ መሣሪያው የተቀመጠበትን የኃይል ሁኔታ፣ ከበስተጀርባ የሚሠሩትን ፕሮግራሞችና የሶፍትዌሩን ስሪት ይፈትሹ። ለአዲስ ቺፕ ከሽያጩ በኋላ የሚወጡ እድሳቶች ፍጆታውን በሁለቱም አቅጣጫ ሊለውጡት ስለሚችሉ፣ ልኬቱን ከቀኑና ከስሪቱ ቁጥር ጋር መዝግበው ያስቀምጡ፤ ከእያንዳንዱ ዋና እድሳት በኋላም በዚያው ብርሃንና በዚያው ሥራ ደግመው ይለኩ።